በግድግዳው ዳር የቆመው ዘይት

ሃይደራባድ፣ ሕንድ
ኅዳር 3 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ሙሀመድአወል፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካትሁ። ረመዳን እንዴት ይዞዎታል? ጾምዎን አላህ ይቀበልዎ፣ ጤናዎንም አያጉድልብዎ። እኔ አልሀምዱሊላህ ደህና ነኝ። ሆስቴሉ ውስጥ ከሱዳንና ከየመን ልጆች ጋር አብረን ነው የምናፈጥረው። ምግቡ ያቃጥላል፣ ዝናቡ ግን አቁሟል።

አጎቴ፣ ዛሬ የጻፍኩት አንድ የቸገረኝ ነገር ስላለ ነው። እርስዎ አምስት ኪሎ ተምረው ዕድሜዎን ከማሽንና ከቧንቧ ጋር ያሳለፉ ሰው ስለሆኑ ከእርስዎ ሌላ የምጠይቀው የለኝም። የምህንድስና መጽሐፋችን እንዲህ ይላል፦ እንደ ዘይት ያለ ወፍራም ፈሳሽ በቧንቧ ውስጥ ረጋ ብሎ ሲሄድ፣ ግድግዳውን የነካው ፈሳሽ አይንቀሳቀስም። ፍጥነቱ ዜሮ ነው። ከሁሉ የሚፈጥነው መሃል ላይ ያለው ነው። እዚህ ድረስ ገብቶኛል። ቀጥሎ ግን ሸር ስትረስ፣ ማለትም ፈሳሹ በጎኑ ያለውን የሚጎትትበት ኃይል፣ መሃል ላይ ዜሮ ነው፤ ትልቁ ግድግዳው ጋ ነው ይላል። እንዴት ይሆናል? የሚሮጠው መሃሉ፣ የሚጎተተው የቆመው? ቀመሩን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ነገሩ ግን አልዋጥልኝ ብሏል።

ለእማማ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ስለ ትምህርቴ ከጠየቀችዎ ደህና ነው በሏት።

አክባሪ ልጅዎ
ኢሽራቅ ዘካሪያ


አቃቂ በሰቃ
ኅዳር 20 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢሽራቅ፣

ወዓለይኩም ሰላም። ያለሽበትን አገር አላህ ያለምልምልሽ፣ ከክፉ ዓይንም ይጠብቅሽ። እኛ ደህና ነን። የምጽፍልሽ ጾሜን ሳልፈታ ስለሆነ ቃሌ ቢመርሽ ግማሹን ለረሃቡ ስጪው። ሌላው ግማሽ የራሴ ነው።

«ቀመሩን በቃሌ አውቀዋለሁ» ብለሻል። በቃል የሚታወቀው ዱዓ ነው። ቀመር ከየት እንደመጣ ካላወቅሽው ተውሰሽ የለበስሽው ልብስ ነው፤ ባለቤቱ በመጣ ጊዜ ራቁትሽን ትቀሪያለሽ።

ለመሆኑ ፍጥነት በሌለበት ኃይል የለም ያለሽ ማነው? አባትሽ ዘካሪያ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ፊያቱ ሳሪስ ዳገት ላይ ስትቆምበት ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ከኋላ ይደግፋት ነበር። እኔም ደግፌያለሁ። መኪናዋ ንቅንቅ አትልም፤ የእኛ ላብ ግን እንደ ቧንቧ ነበር። ፍጥነቷ ዜሮ ስለነበር እኛ አልደከምንም?

አሁን አስተውዪ። እዚህ በምሠራበት የዘይት መጭመቂያ ቤት ውስጥ የኑግ ጆንያ ባዶ ሲሆን ሴቶቹ አንዱን ባንዱ ላይ ይከምሩታል። የላይኛውን ጆንያ በመዳፍሽ ብትገፊው እሱ ብዙ ይሄዳል፤ ከሥሩ ያለው ትንሽ ይከተለዋል፤ የዚያ ሥር ከዚያም ያነሰ። መሬቱን የነካው ከቦታው አይነቃነቅም። በንብርብር የሚሄድ ፈሳሽ ማለት ይህ ነው፤ መጽሐፍሽ ላሚናር የሚለው። ጆንያ ጆንያን የሚጎትተው አብረው ስለሚሮጡ አይደለም፤ እኩል ስለማይሮጡ ነው። ጎረቤታሞች እኩል ከሄዱ ማን ማንን ይጎትታል? ቧንቧው መሃል ላይ ያሉት እኩል ለእኩል ናቸው፤ ስለዚህ መጎታተት የለም። ወደ ግድግዳው ስትጠጊ ልዩነቱ ይሰፋል። ጥያቄው «ምን ያህል ይፈጥናል?» ሳይሆን «ከጎረቤቱ ምን ያህል ይለያል?» ነው። ይህን አላምጪውና በራስሽ ቃል መልሰሽ ጻፊልኝ።

በዘይት ቤቱም ይኸው ጉዳይ ጠብ አምጥቷል። በብርዱ ወር ጠዋት ጠዋት ዘይቱ ከጋኑ ወደ ማሸጊያው በቧንቧ አልሄድ ይላል። ሥራ አስኪያጁ ሳህሌ የቧንቧው ውስጥ ሻካራ ስለሆነ ነው ብሎ እንደ መስታወት የሚያበራ ቧንቧ ሊያስገባ ነው። አይጠቅምም ብዬዋለሁ። ለምን እንደማይጠቅም አንቺ አስቢበት።

ሌላ ነገር። እናትሽ ቤት ከሳሪስ ሽማግሌዎች መጥተው ነበር፤ የጭነት መኪና ነጋዴው ልጅሽን ለልጄ ብሎ። እናትሽ በድሪያም «በ1996 ክረምት ተመርቃ ስትመጣ እንነጋገራለን» ብላ ሸኝታቸዋለች። ወደ ሕንድ ልትሄጂ ስትይ «ልጅቷን ላኪያት» ብዬ የተሟገትኳት እኔ ስለሆንኩ በቀጠሮዋ እንድታሳፍሪኝ አልፈልግም።

የዒዱ ደስታ እንዳይቀርብሽ እየለመንኩ፣
አጎትሽ ሙሀመድአወል


ሃይደራባድ
ጥር 12 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

አላህ ጤናውንና ዕድሜውን ያብዛልዎ። መልሱን ስላዘገየሁ ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ ፈተና ላይ ስለነበርኩ ነው። ዒድ በጥሩ ሁኔታ አልፏል። ሰሞኑን ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ጋቢ አምጥቼ ቢሆን ኖሮ እላለሁ።

ያስረዱኝ በጣም ግልጽ ነው፤ ገብቶኛል። አሁን የምለምንዎ ሌላ ነው። አሥር ጥያቄዎች አያይዤ ልኬያለሁ። ጊዜ ካለዎ ከነስሌታቸው ሠርተው ከየካቲት መጨረሻ በፊት እንዲደርስልኝ ቢልኩት ደስ ይለኛል። ማስረዳቱ አያስፈልግም፤ ስሌቱ ብቻ ይበቃል።

ደግሞ እማማን ለሽማግሌዎቹ የቁርጥ ቀን እንዳትናገር ቢነግሯት ጥሩ ነው። ምክንያት ኖሮኝ አይደለም። እንዲሁ ነው።

ልጅዎ ኢሽራቅ


አቃቂ በሰቃ
ጥር 28 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለኢሽራቅ ዘካሪያ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ መጪው ዐረፋም የዕርቅና የበረከት ይሁንልሽ። ሰላምታው እዚህ ላይ ያበቃል።

አሥሩን ጥያቄ አልሠራሁትም፤ አልሠራውምም። «ገብቶኛል» ካልሽ በኋላ በራስሽ ቃል አንድ መስመር አልጻፍሽም። የገባው ሰው ዝም አይልም፤ ሲያወራ ነው የሚያስቸግረው።

ከተማሪነቴ ጀምሮ ያልተወኝ ጠባይ አለኝ፤ ቁጥር የማይገጥምልኝ ከሆነ እንቅልፍ አይወስደኝም። የላክሽው ጥያቄ የሁለተኛ ዓመት ትምህርት ነው። አንቺ ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመት ነኝ ብለሻል። ከየካቲት መጨረሻ በፊት ይድረስልኝ ትያለሽ፤ የቁርጥ ቀን አይነገር ትያለሽ፤ ምክንያት የለኝም ትያለሽ። ኢሽራቅ፣ እኔ ሞኝ ሽማግሌ አይደለሁም። ወድቀሻል ወይስ አልወደቅሽም? በአንድ ቃል መልሺ።

የሳህሌ ቧንቧ ገባ። ሰው ጠርቶ አስመረቀው። «ኢንጂነር፣ ፊትህንኮ ያሳይሃል!» አለኝ።

«ፊቴን የማይበት መስታወት ቤቴ አለ» አልኩት። «ዘይቱ የሚያየው ብርዱን ነው።»

በማግስቱ ጠዋት ዘይቱ እንደ ድሮው ተጎተተ። ከዚህ በፊት እኔው አዝዤ ሴቶቹ ከመጭመቂያው የወጣ ትኩስ ፋጉሎ በቧንቧው ላይ ይከምሩ ነበር፤ የኑጉ ተረፈ ምርት ሙቀቱን ይዞ ስለሚቆይ ዘይቱ ይላላል። ሳህሌ «እንግዳ ሲመጣ ያሳፍራል» ብሎ አስጠረገው። ከሠራተኞቹ አንዷ የሺሐረግ ቧንቧውን አይታ ምን ብትል ጥሩ ነው፦ «ሲያምርበት አያችሁ? ልብሱን ገፈው ራቁቱን አቆሙትና እየተንቀጠቀጠ ያበራል!» ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። ሳህሌ አልሳቀም፤ እኔም አልሳቅኩም።

ለምን አልጠቀመም? በንብርብር በሚሄድ ፈሳሽ ግድግዳውን የነካው ዘይት ድሮም ቆሟል። ዘይቱ የሚንሸራተተው በብረቱ ላይ ሳይሆን በቆመው ዘይት ላይ ነው። ስለዚህ ብረቱን ብትወለውዪው ማን ያውቅልሻል? ጉተታውን የሚወስኑት የዘይቱ ዝልግልግነት፣ የቧንቧው ስፋትና የምታሳልፊው መጠን ናቸው። ይህ ላንቺ ቀርቶ ለሳህሌም መግባት ነበረበት።

መልስሽን እጠብቃለሁ።

ሙሀመድአወል


ሃይደራባድ
መጋቢት 2 ቀን 1995 ዓ.ም.

አጎቴ፣

አላህ ከቁጣዎ ይልቅ እዝነትዎን ያስቀድምልኝ።

ወድቄያለሁ።

ባለፈው ዓመት ነው የወደቅኩት። ታኅሣሥ ላይ ደግሜ ተፈተንኩ፤ እንደገና ወደቅኩ። የመጨረሻው ዕድል ሚያዝያ ላይ ነው። እሱን ከወደቅኩ ስሜን ሰርዘው ወደ አገሬ ይሰዱኛል። ይህን እዚህ ካሉ ልጆች በቀር የሚያውቅ የለም። እማማ ብታውቅ «በቃ ነይ» ትለኛለች፤ ሽማግሌዎቹ ደጅ ላይ ናቸው። ሰውየው ክፉ ነው አልልም፤ አላውቀውም። ግን ተባርሬ መጥቼ የሚያገባኝ ሰው ዕድሜዬን ሙሉ ምሕረት ያደረገልኝ ይመስለዋል።

ለእርስዎ ያልነገርኩት ስለሚጮሁ ነው። ይህን በመጻፌ ይቅር ይበሉኝ።

ጆንያው ገብቶኝ ነበር፤ እውነቴን ነው። ያልገባኝ ሌላ ነው። መሃል ላይ መጎታተት ከሌለ መሃሉን የሚያቆመው ማነው? ፓምፑ ሁልጊዜ ይገፋል። ገደብ ካልተደረገለት መሃሉ እየፈጠነ፣ እየፈጠነ መሄድ አልነበረበትም? መምህሩን ብጠይቀው «ቀመሩን ተመልከቺ» አለኝ።

እማማ ደግሞ እርስዎ ዘይት ቤት መሄድ እንደተዉ ጽፋልኛለች። እውነት ነው?

ኢሽራቅ


አቃቂ በሰቃ
መጋቢት 20 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢሽራቅ፣

አላህ ልብሽን ያረጋጋው፣ ምላስሽንም ይፍታው። ደብዳቤሽን ይዤ ከፖስታ ቤት በአውቶቡስ ስመለስ፣ ለታሰረ ዘመድ ምሳ አድርሰው የሚመለሱ ሴቶች ባዶ ሳህናቸውን ታቅፈው ተሳፍረው ነበር። አንዷ ፊቴን አይታ «አባባ፣ የሞተ አለ?» አለችኝ። «የለም፣ የወደቀ ነው» አልኳት። «የወደቀማ ይነሳል» ብላኝ ወረደች። እኔ እንዲህ አሳጥሬ መናገር አልችልም።

በመጮሄ ላይ አንከራከር። ከሳህሌ ጋር ተለያይተናል። ስለ እሱ አትጠይቂኝ።

የአሁኑ ጥያቄሽ ግን ጥያቄ ነው። መምህርሽ ሊመልስልሽ ይገባ ነበር። ጥያቄውን የጠየቅሽው አንቺ ስለሆንሽ መልሱም ያንቺው ነው፤ እኔ መንገዱን ብቻ ላሳይሽ።

ቧንቧውን ርሺው። በውስጡ ካለው ዘይት አንድ ቀጭን ዘንግ በሐሳብሽ ቁረጪ፤ እርሳስ የሚያክል፣ ከመሃል ለመሃል። ከኋላው ፓምፑ ይገፋዋል፤ ከፊቱ ያለው ግፊት ያንሳል። እየሄደ ነው፤ ግን አይፈጥንም፣ አይዘገይም። ስለዚህ አንድ ነገር የኋላውን ግፊት ልክ በልኩ ይዞታል። ምን አለ? ዙሪያውን ያቀፈው ዘይት ብቻ። እሺ፣ አሁን ዘንጉን ወፈር አድርጊው፤ ክንድ ይምሰል። የሚገፋው ፊት በጣም ሰፋ፤ የሚይዘው ጎን ግን ያን ያህል አልሰፋም። ስለዚህ እያንዳንዱ የጎን ስንዝር ከበፊቱ የበለጠ መያዝ አለበት። እንዲህ እያልሽ አስፊው፣ አስፊው፣ ግድግዳው እስኪደርስ። እዚያ ስትደርሺ ማን ምን እንደያዘ ራስሽ ንገሪኝ። እኔ አልጨርስልሽም።

አንድ ነገር ብቻ ላስጠንቅቅሽ። ቧንቧውን በግማሽ አጥብበሽ ያንኑ ያህል ዘይት ላሳልፍ ብትዪ፣ የግድግዳው ጉተታ እጥፍ የሚሆን እንዳይመስልሽ። ስምንት እጥፍ ነው። ስምንቱ ከየት እንደመጣ ሳታውቂ ፈተና ቤት ብትገቢ አላዝንልሽም።

ቀመር ያለበት ደብዳቤ እንዳትልኪልኝ። በራስሽ ቃል ጻፊ።

ለእናትሽ አልነገርኳትም። ዝምታው ግን ከብዶኛል፤ ባየችኝ ቁጥር «ልጄ እንዴት ናት?» ትለኛለች፣ እኔም ስለ አየር ንብረት አወራላታለሁ።

አጎትሽ


ሃይደራባድ
ግንቦት 21 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለምወድዎ አጎቴ፣

አላህ የልፋትዎን በጎ ምንዳ ይክፈልዎ። እዚህ ሙቀቱ አናት ይበሳል። ውጤቱ እስኪታወቅ ብዬ ነው ያዘገየሁት።

መጀመሪያ በራሴ ቃል እንድጽፍ ያዘዙኝን ልጻፍ። ዘንጉን አሰፋሁት። የሚገፋው ፊት በራዲየሱ ካሬ ያድጋል፤ የሚይዘው ጎን በራዲየሱ ብቻ። ስለዚህ የጎኑ ጉተታ ከመሃል ዜሮ ተነስቶ በቀጥታ እያደገ ይሄዳል። መሃሉን የሚይዘው ጎረቤቱ ነው፤ ጎረቤቱን የሚይዘው ቀጣዩ። ማንም ለራሱ አያስቀረውም፤ እያንዳንዱ የተቀበለውን፣ የራሱንም ጨምሮ፣ ለሚቀጥለው ያስተላልፋል። መጨረሻ ላይ የፓምፑ ግፊት ሁሉ የሚያርፈው ግድግዳው ላይ ነው። ግድግዳውን የነካው ዘይት የቆመው ሥራ ስለሌለው አይደለም።

ስምንቱም ገባኝ። ያንኑ ዘይት በግማሽ ስፋት ለማሳለፍ፣ መተላለፊያው ሩብ ስለሆነ አራት እጥፍ መፍጠን አለበት። ያ ሁሉ ፍጥነት ደግሞ በግማሽ ርቀት ውስጥ ወደ ዜሮ መውረድ አለበት። አራት በሁለት፣ ስምንት። ቀመሩን ሳላይ ነው ያገኘሁት፤ ካገኘሁት በኋላ ግን ብቻዬን ሳቅኩ፣ የክፍል ጓደኛዬ የሱዳኗ ልጅ ታመምሽ ወይ አለችኝ።

አልፌያለሁ አጎቴ። አልሀምዱሊላህ። ከክፍሉ ከፍተኛው አይደለም፤ ግን አልፌያለሁ፤ አይባርሩኝም።

ቀሪው ይህ ነው። ይህን ትምህርት ሳላልፍ መውሰድ የማልችላቸው ሌሎች ትምህርቶች ስላሉ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ቀርቻለሁ። የምጨርሰው በ1996 ሳይሆን በ1997 ነው። የእማማ ቀጠሮ ሊፈርስ ነው። እንድቆይ ካልፈቀደች እቃዬን ሸክፌ እመጣለሁ፤ ያለ እሷ ፈቃድ አልቀመጥም። ለእሷ ለመጻፍ እስክሪብቶ ሳነሳ እጄ እምቢ ይለኛል። እባክዎ እርስዎ ይንገሯት። ቀስ ብለው ይንገሯት።

ልጅዎ ኢሽራቅ


አቃቂ በሰቃ
ሰኔ 13 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢሽራቅ፣

ማለፍሽን ያሰማኝ አምላክ ይመስገን፤ ቀሪውንም እሱ ያቅናልሽ። የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስህተት ፈለግኩበት፤ የለም።

ቀስ ብለው ይንገሯት ስላልሽኝ ወደ በድሪያ ሱቅ ስሄድ የምናገረውን መንገድ ላይ አሰናድቼ ነበር። ለአንዲት ደንበኛ ጨርቅ እየለካች አገኘኋት።

«በድሪያ፣ የማወራሽ ቁም ነገር አለኝ» አልኳት።

«ቆይ፣ ክንድ ላይ ነኝ» አለችኝ። ለክታ፣ ቆርጣ፣ ሴትየዋን መርቃ ሸኘች። ከዚያ መቀሱን አስቀምጣ፣ «የወደቀችውን አለፈች ወይስ አላለፈችም?» አለችኝ።

ያሰናዳሁት ሁሉ ጠፋኝ። «ማን ነገረሽ?»

«ማን ይነግረኛል? አንተ ስለ ሕንድ ዝናብ ታወራለህ፤ እሷም ስለ ሕንድ ዝናብ ትጽፋለች። ትምህርቱ ደህና በሆነላት ጊዜኮ ስለ ማሽን እያወራች ታደርቀኝ ነበር። ማሽኑ ከደብዳቤዋ ሲጠፋ አወቅኩ።»

«አልፋለች» አልኳት። «ግን አንድ ዓመት ይጨመርባታል። ለሽማግሌዎቹ የሰጠሽው ቀጠሮ...»

«የትኞቹ ሽማግሌዎች?»

«የሳሪሶቹ ናቸዋ!»

«እነሱንማ የዐረፋ ሰሞን መለስኳቸው። ልጄ ትምህርት ላይ ናት፣ መቼ እንደምትጨርስም አላውቅም፣ ልጃችሁን ሌላ ቦታ ዳሩ አልኳቸው። ተቀይመው ሄዱ።» ጨርቁን እያጠፈች ነበር የምትናገረው። «የነጋዴው እህቶች ከዚያ ወዲህ ወደዚህ ሱቅ አይረግጡም፤ ሌላውንም ሰው አስቀርተውብኛል። ለቅሶ ላይ እንኳ ሲያዩኝ ፊታቸውን ያዞራሉ።»

ይህን ሁሉ ወር በዚያች ሱቅ ደጅ ሳልፍ ኖሬያለሁ። ሰላም ስላት ሰላም ትለኛለች። አንድም ቀን ፊቷ ላይ ምንም አላየሁም።

«ለምን አልነገርሽኝም?» ብዬ ጮህኩ። አዎ፣ ጮህኩ።

«ይኸው» አለችኝ። «ብነግርህ ትጮሃለህ። ጮኸህም አይበቃህም፤ ለእሷ ትጽፋለህ። እሷ ደግሞ ለእናቴ ጠላት አተረፍኩ ብላ ራሷን ታስጨንቃለች። ፈተና ነበረባት አይደል?»

ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «እና ምን ብዬ ልጻፍላት?» አልኳት።

በድሪያ ያጠፈችውን ጨርቅ መደርደሪያው ላይ አኖረች። «ጨርሰሽ ነይ በልልኝ» አለች። «ደግሞ ሌላ ነገር አትጨምርበት። አንተ መጨመር ትወዳለህ።»

እናትሽ ጨርሰሽ ነይ ብላለች።

አጎትሽ ሙሀመድአወል